የምድር ውስጥ ባቡሩና የጫኖ ውሃ

«በዚህ አገር አጎት የሌለው ሰው አጎቱ ፈተና ነው» እያልኩ ተማሪዎቼን ሳስቅ ኖሬያለሁ። ቀልድ ይምሰል እንጂ ከልቤ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነበር። ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። ከባለሥልጣን ጋር የሚገናኘው ጋቢ ሊገዙ ሲመጡ ብቻ ነው፤ ያኔም ዋጋ ቀንስ እያሉ ያደርቁታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ስል ስልክ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም። ያስገባኝ ፈተና ነው። ወረቀቴ ላይ መለያ ቁጥር እንጂ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልተጻፈም፤ ያረመው ማሽንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ ፈተናን እንደ ሥጋ ዘመዴ ነው የማየው። ሰው ሲያማብኝ ደሜ ይፈላል።

አሁን የማስተምረው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ አንድ የጤና ኮሌጅ ውስጥ ነው። ለነርሶችና ለአዋላጆች ሒሳብ አስተምራለሁ። የመድኃኒት መጠን እንዴት እንደሚሰላ፣ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስትስት ሰው እንዴት እንደምትገድል አሳያቸዋለሁ። ኮሌጁ በየዓመቱ አዋላጅ ነርስ መሆን ለሚፈልጉ ጥቂት ልጆች ማደሪያና ምግብ ጨምሮ ነፃ ቦታ ይሰጣል። ቦታው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ከሳውላ፣ ከኮንሶ፣ ከሶዶ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ይመጣሉ። ኮሌጁ የራሱን የመግቢያ ፈተና ያወጣል፤ ጥያቄው ሁሉ ምርጫ ነው፣ በማሽን ይታረማል። የምንመርጠው ሦስት ሰዎች ነን፤ ዲኑ፣ አንዲት ዕድሜዋ የገፋ የአዋላጅነት መምህርትና እኔ።

በዘንድሮው ስብሰባ መምህርቷ እንደ ልማዷ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ከማስተማሯ በፊት ለብዙ ዓመታት ሕፃናት ስታዋልድ የኖረች ናት። ሲቀላ ገበያ ውስጥ ስትሄድ «የእኔን ልጅ እኮ እርስዎ ነዎት የተቀበሉት» የሚላት ሰው አይጠፋም።

«ፈተናው የሚነግረን ማን ጥሩ ትምህርት ቤት እንደተማረ ነው» አለች። «ልጆቹን እንጥራና እናነጋግራቸው። ምጥ ላይ ያለች ሴት አጠገብ መቆም የምትችለዋን በምርጫ ጥያቄ አናገኛትም።»

«ማነጋገር የጀመርን ዕለት ስልካችን መጮህ ይጀምራል» አልኳት።

ውሸቴን አልነበረም። አንድ ዓመት ቃለ መጠይቅ ሞክረን ነበር። የዲኑ ስልክ እንደ ታክሲ ረዳት ሲጮህ ሰነበተ። እኔ ራሴ አከራዬ ግቢ ውስጥ ጠብቆ የእህቱን ልጅ አደራ ብሎኛል። በስም የማያውቀኝ ሰው መንገድ ላይ አቅፎ ስሞኛል። የዚያን ዓመት የገቡት ልጆች አጎት ያላቸው ናቸው። ይህን ሳስታውሳት መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች፤ እውነት መሆኑን ታውቃለች። ዲኑም ከእኔ ጋር ሆነ። በፈተና ውጤት ብቻ ተባለ፤ እኔም ለሸማኔ ልጆች ሁሉ የተከራከርኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ እንደዚያው እላለሁ። ጥፋቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከላይ ጀምረን ስንቆጥር ለመጨረሻዋ ቦታ አራት ልጆች እኩል ነጥብ ይዘው ተገኙ። ሰዓቱ ወደ ሰባት እየተጠጋ ነበር። ጨጓራ አለብኝ፤ ምሳ ሲያልፍብኝ ሰው አልሆንም። ያ ብቻ አይደለም፤ የምበላበት ዓሣ ቤት ከሰባት ሰዓት በኋላ የሄደን ሰው «አልቋል» ብሎ ሽሮ ነው የሚያቀርብለት። ከጠዋት ጀምሮ የማስበው ኮተሌቱን ነበር።

«እነዚህን አራቱን እንኳ እንጥራቸው» አለች መምህርቷ። «ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ደቂቃ ነው። አራት ልጅ ነው፣ ማን ይደውላል?»

«በእንግሊዝኛው ክፍል ውጤት ይለዩ» አልኩ።

ለምን እንግሊዝኛ እንዳልኩ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የሚመረጡት ደግሞ አዋላጆች ናቸው። ባዮሎጂ ነበር፣ ሒሳብ ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ በተከፈተው ሰንጠረዥ የመጨረሻው ዓምድ እንግሊዝኛ ነበር፤ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ነው። ዲኑ «ጥሩ፣ ግልጽ መስፈርት ነው» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አስገባው። መምህርቷ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ዓሣዬን ደረስኩበት። የመጨረሻው ነበር፤ በጣም ጣፈጠኝ።

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ቅሬታ የሚሰማበት ሳምንት አለ። ተራው የእኔ ሆነና ቢሮ ተቀምጬ የሚመጣውን እቀበላለሁ። አብዛኛው ወላጅ ነው፤ ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ይሄዳል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን መጣች። የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳለች። ደፍራ አልተቀመጠችም፤ ወንበሩን ይዛ ቆመች።

«ቲቸር፣ ከጫኖ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «እኩል አምጥተሽ በእንግሊዝኛ ነው የቀረሽው አሉኝ። በአንድ ጥያቄ። ጥያቄዋ የትኛዋ እንደሆነች ልያት?»

ጫኖ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ቦይ እየቀደዱ ሙዝና ማንጎ የሚያለሙበት ቆላ። ልጅቷ ከቤተሰቧ አፏን የፈታችው በጋምኛ ነው፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በአማርኛ ላይ ነው። ወረቀቷን አውጥቼ አሳየኋት። ከአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች ውስጥ የሳተችው አንዱን ብቻ ነው። ምንባቡ በአንድ ትልቅ የውጭ ከተማ ሰዎች ጠዋት ጠዋት በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሥራ ሲሄዱ የሚገልጽ ነበር። ማንም ከማንም አይነጋገርም፤ ሁሉም ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል፤ አንዱ የቀሩትን ፌርማታዎች ይቆጥራል። ተሳፋሪዎቹ ምን ተሰማቸው? ነው ጥያቄው። ትክክለኛው መልስ «ተሰላችተዋል» ነው። እሷ ያጠቆረችው «ፈርተዋል» የሚለውን ነበር።

«ለምን ፈርተዋል አልሽ?» አልኳት።

ጥያቄዬ ገረማት። «መሬት ውስጥ ገብተው እኮ ነው፣ ቲቸር! ሰዓት የሚያዩት መቼ ነው የምንወጣው ብለው ነው። የሚቆጥረውም ሰውዬ ለእሱ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ አያወራም።» ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት። «ከመሬት በታች የሚገባውማ የሞተ ነው። በቁሙ ገብቶ የማይፈራ አለ እንዴ?»

ሳቅኩ። አሁን ሳስታውሰው ያ ሳቅ ከምሳው ይብሳል። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን እየጠበቀች ነበር። ምንባቡን እንደገና አነበብኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እሷ እንዳለችው አድርጎ ላነበበው ሰው ሁሉም ነገር ይገጥማል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ መሰልቸታቸውን የማውቀው ከፊልም ነው።

«ሕግ ነው የኔ ልጅ» አልኳት። «ቁጥር አያዳላም።»

«እሺ» አለች። ግን አልሄደችም። ወንበሩን እንደያዘች ወለሉን እያየች፣ «ቤት ግን ጎሜ ነው ይላሉ» አለችኝ።

ጎሜ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባቴ ከደጋ የወረደ ጋሞ ነው። የማይደፈር ነገር የደፈረ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ይዋሻል፣ ድንበር ይገፋል፣ የሰው ይነካል፤ ከዚያ ነገሩ በራሱ ላይ ወይ በቤቱ ላይ ይወጣል። ከብት ይሞታል፣ አዝመራ ይበላሻል፣ ልጅ ይታመማል። የሚነጻው በሰው ፊት ተናግረውት ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ «ተወን እስቲ የኋላ ቀር ወሬ» እለው ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሽመናው ይመለስ ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል።

«አባቴ እሑድ በሰው ፊት እናገራለሁ ብሏል» አለች ልጅቷ። «እኔ ባጠፋሁት ነው የቀረችው ይላል። ጎሜው ሳይነጻ ደግሞ ከቤት አትወጪም፣ ለከርሞም አትፈተኚም አለኝ። ቲቸር፣ እርስዎ ናና ንገርልኝ። ጎሜ አይደለም፣ አንድ ጥያቄ ናት በልልኝ።»

እርስዎና አንተን እንዲህ ስታደባልቅብኝ በሌላ ቀን ቢሆን አርማት ነበር። እመጣለሁ አልኳት። ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ውስጤን ስመረምረው ግን ፈተናውን ነጻ ላወጣ ነበር የሄድኩት። አንድ ገበሬ በቁጥር የተወሰነን ነገር በራሱ ኃጢአት አሳብቦ ሲቆም አስቤ ተቆጣሁ።

እሑድ ከሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ጫኖ ወረድኩ። ልጅቷ መንገድ ዳር ጠበቀችኝና በሙዙ መሐል በቦዩ ጠርዝ እየመራች ወሰደችኝ። ሰዉ አንድ ትልቅ ወርካ ሥር ተሰብስቧል። ወንዶቹ በግማሽ ክብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ወደ ጥግ ሆነው ቆመዋል። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ሄዳ ቆመች። ለእኔ ከየት እንዳመጡት እንጃ የፕላስቲክ ወንበር አቀረቡልኝ። ሁሉም መሬት፣ እኔ ወንበር ላይ። መሬት ልቀመጥ ብል እንቢ አሉ፤ እንግዳ ነህ አሉኝ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እርጥብ ሣር ይዘው ተነሡና መረቁ። ከዚያ የልጅቷ አባት መሐል ገባ። ቀጭን ሰው ነው፤ እጁ ከሰውነቱ ይበልጣል። የሚናገረው በጋምኛ ነው፤ እኔ ጋምኛ ከመናገር መስማት ይሻለኛል።

ጫኖ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው። የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ፤ ዛሬ የእገሌ ማሳ፣ ነገ የእገሌ ብሎ ይደለድላል። ያለ ተራህ ቦይ መክፈት ነውር ነው፤ በበጋ ደግሞ ከነውርም ይብሳል።

«በዚህ በጋ፣ ሙዜ ቅጠሉ ሲጠወልግ፣ የጎረቤቴ ተራ በሆነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሄጄ ቦዩን ወደ እኔ መለስኩት» አለ። «ፀሐይ ሳትወጣ ደግሞ ወደሱ መለስኩት። ማንም አላየኝም። የእኔ ሙዝ ጠገበ። የውሃ አባት ሲጠይቀኝም ‹አላውቅም› አልኩ። ልጄ ዓመቱን ሙሉ በኩራዝ ስታነብ ነበር። ጭንቅላቷ ሰነፍ አይደለም። አንድ ጥያቄ ቀርቷት የተመለሰችው እኔ የሰው ውሃ ጠጥቼ ነው። በእሷ ላይ የወጣው የእኔ ነው።»

ልጅቷ በእናቷ ነጠላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ የፕላስቲክ ወንበሬ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጬ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ተመኘሁ። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ሰው ሲፈራ አያወራም።

ጎረቤትየው ተነሣ። «አውቄ ነበር» አለ። «ጠዋት የቦዩ ጭቃ ትኩስ ነበር። ራሱ እስኪናገር ነው የጠበቅኩት።» ከዚያ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተነጋገሩ። አባትየው በመጪው በጋ ከራሱ ተራ አንዱን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ወሰኑ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጅቷ አስቀድማ ነግራቸዋለች።

«መምህር፣ አንተ ደግሞ ጎሜ አይደለም ልትለን ነው የመጣኸው አሉ። ተናገር።»

ተነሣሁ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ፈተና ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ ሁሉም ልጅ እኩል እንደሚታይ። በተሰባበረ ጋምኛዬ ጀመርኩት። ማሽን ያርማል አልኩ። ማሽኑ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም አልኩ። ሰዎቹ በትዕግሥት ያዳምጡኛል። አባትየው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ዓይኑ ውስጥ ነጻ ልታወጣኝ ትችላለህ ወይ የሚል ነገር አለ። እዚያ ላይ ንግግሬ ጠፋኝ።

«ጎሜ አይደለም» አልኩ። «የእሱ አይደለም። አራት ልጆች እኩል ሆኑብን። ማሽኑ እዚያ ላይ ሥራውን ጨርሶ ነበር። በእንግሊዝኛ ይለዩ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠርተን እናነጋግራቸው ያለች ሰው ነበረች፤ እኔ እንቢ አልኩ። ምሳዬ እንዳያመልጠኝ ነው። ዓሣ እንዳያልቅብኝ።»

ዓሣ ስል አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎችም ተከተሏት። አባትየው አልሳቀም። በደንብ እንዳልሰማኝ ሁሉ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ አየኝ። ልጅቷ ከነጠላው ውስጥ ፊቷን አውጥታ ነበር። ያን ጊዜ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ቀለል አለኝ፤ አልዋሽም። እንዲህ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም።

«እሱ ውሃውን ይመልሳል» አሉኝ። «አንተስ?»

«ምዝገባው አልቋል አባቴ» አልኩ። «ቦታው ተይዟል።»

«ታዲያ ለምን ተናገርክ?»

በክፋት አይደለም የጠየቁኝ፤ በእውነት አልገባቸውም። ከተማ ቢሆን ይቅርታ ብለን፣ ትምህርት ተወስዶበታል ብለን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረን እንበተናለን። ሽማግሌው ጎናቸው ካሉት ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩና ወደ አባትየው ዞረው፣ «ያንተ ጸድቷል፤ ልጅቷን አትያዛት፣ ለከርሞ ትፈተን» አሉት። ከዚያ የእርቅና የመንጻት ምልክት የሆነውን ሣር ከፈሉና ግማሹን ለእሱ ሰጡት። ግማሹን እጃቸው ላይ ይዘው ቆዩ። «የአንተን ስትመልስ ትወስዳለህ» አሉኝ።

ሰው ሲበተን አባትየው መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ «እንኳን መጣህ» ብቻ አለኝ። ልጅቷ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። ባጃጅ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆምን።

«ቲቸር፣ ዓሣው እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ቃላት ስሸመድድ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባጃጁ መጣና ተሳፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ቦታ ይጨመር አልኩ፤ አልጋ የለም አለኝ። ውሳኔው ይከለስ አልኩ። «መስፈርቱን ያወጣኸው አንተ ነህ እኮ!» ብሎ ተገረመብኝ። ከእሱ ወጥቼ በሴቶች ማደሪያ በኩል ሳልፍ የመጨረሻዋን ቦታ ያገኘችውን ልጅ አየኋት። በሩ ተከፍቷል፤ ፍራሿን አንጥፋ አጎበሯን ምሰሶው ላይ እያሰረች ነው። እናቷ ከታች ሆና ገመዱን ታቀብላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። የእሷ ጥፋት ምንድን ነው? ያመጣችውን ነው ያመጣችው። እሷን ላስነሣ ብል ሌላ የሰው ውሃ ልቀዳ ነው። ሰላም ብያቸው አለፍኩ።

መምህርቷን ሻይ ቤት አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ የባቡሩንም። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ፈርተዋል አለች?»

«ፈርተዋል።»

«እኛ የምንመርጠው አዋላጅ ነው ወይስ የባቡር ትኬት ቆራጭ?» አለችኝ። «ምጥ የያዛት ሴት እኮ ፈራሁ አትልህም። ዝም ትላለች፣ ሰዓት ትጠይቃለች፣ ጣሪያ ትቆጥራለች። ይህንን ለተማሪዎቼ ለማስገባት ዓመት ይፈጅብኛል። ያቺ ልጅ ሳይነግሯት አውቃዋለች፤ እኛ ደግሞ ተሳስተሻል አልናት።» ከዚያ ፊቴን አየችና «አይዞህ፣ እኔም ዝም ብዬ መነጽር ነው ያወለቅኩት» አለች።

አላጽናናኝም። ብዙ ምሽት ስለ ፈተና ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ። ፈተናውን እናቃጥለው አልልም። ፈተና ባይኖር ያ የጫኖ አባት ለማን ይደውል ነበር? የእኔስ አባት? ስልክ ያለው ሰው ልጁን አስገብቶ እኛ በር ላይ እንቀር ነበር። ግን ፈተናው የሚለየው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ነው፤ የራበው፣ የቸኮለ፣ ዓይኑ መጨረሻው ዓምድ ላይ ያረፈ ሰው። እኔ ያሰመርኩትን መስመር ቁጥር አሰመረው ብዬ በልጅቷ ፊት ማልኩ። ያንን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። እኩል የሚመጡ ልጆች ስማቸው ሳይነገር፣ በመለያ ቁጥር ብቻ ተጠርተው እናነጋግራቸው የሚል ሐሳብ ጽፌ ለዲኑ ሰጥቼዋለሁ። «ለከርሞ እናየዋለን» ብሏል። በእኛ ቢሮ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፣ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል።

ልጅቷ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጫኖ ትመጣለች። ቢሮዬ ተቀምጠን ምንባብ እናነባለን። በረዶ ምን እንደሚመስል፣ አሳንሰር ምን እንደሆነ፣ ሰዎች ውሻ አስረው ለምን እንደሚያንሸራሽሩ እነግራታለሁ። ውሻው ላይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ግማሹን እኔም አላውቀውም፤ ስልኬ ላይ ፈልጌ ነው። ፈጣን ናት። ቶሎ እየገባት በሄደ ቁጥር እኔ እየከፋኝ መጣ፤ የማስተምራት ሰው ሲፈራ አይታ ሰልችቶታል እንድትል ነውና።

ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ የባቡሩን ምንባብ አመጣሁላት። አነበበችውና ሳታመነታ «ተሰላችተዋል» አለች።

«ትክክል» አልኳት። ጎበዝ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ግን ቲቸር፣ እኔ ብሆን እፈራለሁ» አለች።

«እኔም እፈራለሁ» አልኳት።

ደብተሯን ሰብስባ ተነሣች። እንደ ሁልጊዜው አባቷ የላከልኝን ሙዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሙዙ የጎረቤትየው ጭምር ነው፤ ሁለቱም እየለቀሙ ነው የሚልኩት። እኔ አልቀበልም ብዬ ብዙ ታግያለሁ፤ ስትመልሰው አባቷ ይቆጣታል። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ረስቼው» አለች። «ሽማግሌው ከዚህ በተመለስኩ ቁጥር ይጠይቁኛል። መምህሩ መለሰ ወይ? ይላሉ። ሣሩ ደርቆ ሌላ ቆርጠውልሃል። ምን ልበላቸው?»

«ገና ነው በያቸው» አልኳት።